የመስቀል ወፍ፣ የአሪስቶትል ወፍና የአሉሚኒየም ቀለበት

በመስከረም ሜዳው በአደይ አበባ ሲሸፈን የመስቀል ወፍም ብቅ ትላለች። በዓሉ ካለፈ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ግን ከዓይን ትሰወራለች። ብዙዎቻችን በልጅነታችን ይህች ወፍ ከሩቅ አገር መጥታ ወደዚያው የምትመለስ ይመስለን ነበር። በዚህ ስም የምንጠራቸው ወፎች ግን በአብዛኛው ከአገር አይወጡም። ወንዶቹ በመራቢያ ወቅት የሚለብሱትን ደማቅ ላባ ወቅቱ ሲያበቃ ይጥሉና እንደ ሴቶቹ ቡናማ መልክ ይዘው ከመንጋው ጋር ይቀላቀላሉ። ሄደች የምንላት ወፍ ልብሷን ለውጣ አጠገባችን ትኖራለች ማለት ነው።

አሪስቶትል የተሳሳተው በተቃራኒው ነበር። በግሪክ አገር በሞቃቱ ወራት የምትታየው ቀይ ጭራ ያላት ሬድስታርት ብርዱ ሲመጣ ትጠፋለች፤ በምትኳ ደረቷ የቀላው ሮቢን በብዛት ትታያለች። ፈላስፋው ይህን ተመልክቶ አንደኛዋ ወደ ሌላዋ ትለወጣለች ሲል ጻፈ። እውነቱ ግን ሬድስታርት ወደ አፍሪካ መሄዷ፣ ሮቢን ደግሞ ከሰሜን መምጣቷ ነበር። እኛ መለወጡን መሄድ ስንለው፣ እርሱ መሄዱን መለወጥ አለው።

የሁለቱም ስሕተት ምንጭ አንድ ነው። ዛሬ ያየናት ወፍ ትናንት ያየናት ራሷ መሆኗን ካላወቅን መሄድንና መለወጥን ልንለይ አንችልም። ለዚህ መላ ያበጀው ዴንማርካዊው መምህር ሃንስ ክርስቲያን ሞርተንሰን ነው። እ.ኤ.አ. በ1890 በሞከረው የዚንክ ቀለበት ክብደት ተቸግሮ ነበር፤ በ1899 ግን ቁጥር የተቀረጸባቸውን ቀላል የአሉሚኒየም ቀለበቶች በወፎች እግር ላይ አሰረ። ከዚያ ወዲህ እያንዳንዷ ባለቀለበት ወፍ የራሷ መታወቂያ አላት።

ሥራው እንዴት እንደሚከናወን ለማየት በደቡብ ምዕራብ ስዊድን ጫፍ ወደሚገኘው የፋልስተርቦ ልሳነ ምድር እንሻገር። ከሰሜን የሚመጡ ወፎች ባሕሩን ከመሻገራቸው በፊት በዚህ ጠባብ መሬት ላይ ይሰበሰባሉ። ለመርከቦች ምልክት በሚሰጠው የመብራት ማማ ዙሪያ ባለው የአትክልት ስፍራ እ.ኤ.አ. ከ1980 ጀምሮ ቀለበት የማሰር ሥራ በአንድ ዓይነት ደንብ ይካሄዳል። በመስቀል ሰሞን፣ ማለትም በመስከረም ወር መጨረሻ የአውሮፓውያን አቆጣጠር፣ የሮቢን ጉዞ የሚበረታበትና የመጨረሻዎቹ ሬድስታርቶች የሚያልፉበት ጊዜ ነው።

ጎሕ ሳይቀድ በቁጥቋጦዎቹ መካከል ዓይን የማይለያቸው ስስ መረቦች ይዘረጋሉ። በየግማሽ ሰዓቱ ይጎበኛሉ፤ ወፏ በመረቡ ከረጢት ውስጥ ብዙ ከቆየች በብርድና በድንጋጤ ትጎዳለችና። ተያዥዋ በጨርቅ ከረጢት ወደ ጠረጴዛው ትመጣለች፤ ቀለበቷ ይታሰራል፤ የክንፏ ርዝመት ይለካል፤ ትመዘናለች። ከዚያም መዝጋቢው የሆዷን ላባ በትንፋሹ ገለጥ ያደርጋል። የወፍ ቆዳ ስስ ስለሆነ ከሥሩ ያለው ቢጫ ስብ ይታያል። ይህ ስብ የጉዞዋ ስንቅ ነው፤ ሰሃራን የሚያቋርጡ አንዳንድ ትናንሽ ወፎች ከበረሃው በፊት ክብደታቸውን እጥፍ ሊያደርሱ ይችላሉ። ሁሉም አልቆ ወፏ የምትለቀቀው በደቂቃዎች ውስጥ ነው።

የሳምንቱ ቀናት ፈጽሞ አይመሳሰሉም። አንዱን ቀን መረቦቹ ባዶ ሊውሉ፣ በማግስቱ ደግሞ መዝጋቢዎቹ ቁርስ ለመብላት ጊዜ ሊያጡ ይችላሉ። እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ፤ ብዙ ወፍ የተያዘበት ቀን ብዙ ወፍ የተጓዘበት ቀን ላይሆን ይችላል። ሮቢንና ሬድስታርት የሚጓዙት በሌሊት ነው። ሰማዩ ጠርቶ ነፋሱ ከኋላ ሲመጣ በከፍታ ያልፋሉ፤ ሌሊቱን ዝናብ ወይም ተቃራኒ ነፋስ ሲያገኛቸው ግን በማማው ሥር ይወርዳሉ። ስለዚህ የአንድ ሳምንት ቁጥር ብቻውን የሚነግረን ስለ አየሩ ጠባይ ይበልጣል። ስለ ወፎቹ መብዛትና ማነስ ለማወቅ በተመሳሳይ ቦታ፣ በተመሳሳይ መረብና በተመሳሳይ ሰዓት ለብዙ ዓመታት መድገም ያስፈልጋል። አሰልቺ የሚመስለው የደንቡ ጥብቅነት ከዚህ የመጣ ነው።

የጉዞውን አቅጣጫ የሚነግረን ግን ቀለበቱ ዳግም ሲገኝ ነው። ከስዊድን ሮቢኖች ብዙዎቹ ወደ ደቡብ ምዕራብ አውሮፓ ይሄዳሉ። ሬድስታርት ከሰሃራ በስተ ደቡብ፣ ከምዕራብ አፍሪካ እስከ ኢትዮጵያ በሚዘረጋው ምድር የአውሮፓን ብርድ ታሳልፋለች። ይበልጥ የሚያስገርመው አሥር ግራም እንኳ የማትሞላው ዊሎ ዋርብለር ናት። በደቡብ ስዊድን የሚፈለፈሉት ወደ ምዕራብ አፍሪካ፣ በሰሜን የሚፈለፈሉት ደግሞ ወደ ምሥራቅና ደቡባዊ አፍሪካ ያቀናሉ። አንድ አገር፣ አንድ ዝርያ፣ ሁለት መንገድ!

ችግሩ ቀለበት ታስሮላቸው ከሚለቀቁት ትናንሽ ወፎች ዳግም የሚገኙት ከመቶ አንድ እንኳ አለመሙላታቸው ነው። ከሰሃራ ወዲህ የሚመጣው ወሬ ደግሞ ከዚያም እጅግ ያንሳል። በአገራችን ጆን አሽ እ.ኤ.አ. ከ1969 ጀምሮ ለዓመታት ቀለበት ያስር ነበር፤ ነገር ግን መንገዱን የሚያሟላው ወፍ አሳሪው ብቻ አይደለም። እረኛ፣ ገበሬ ወይም ተማሪ ሞታ ባገኛት ወፍ እግር ላይ ያለው ቁጥር ካልተነበበ የስዊድኑ መዝገብ በዚያች ወፍ አንጻር ክፍት ሆኖ ይቀራል።

ስለዚህ ቀለበት ያላት ወፍ ያጋጠመው ሰው በቀለበቱ ላይ ያሉትን ፊደላትና ቁጥሮች አንድም ሳያስቀር ይጻፍ፤ ቀኑን፣ ቦታውንና ወፏ የተገኘችበትን ሁኔታ ይጨምር። በሕይወት ካለች ቀለበቱን ሳያወልቅ ይልቀቃት። የአውሮፓን ቀለበት አሳሪዎች የሚያስተባብረው ዩሪንግ የተባለው ድርጅት ከየትም አገር የሚላክለትን መረጃ በኢንተርኔት ይቀበላል።