ስለ ማቀዝቀዣ ጋዞች፤ የቀድሞዎቹና የዛሬዎቹ፣ እንዲሁም ነጋዴው ሊጠነቀቅባቸው የሚገቡ ነገሮች

የቤት ፍሪጅም ሆነ የሥጋ ማቆያ መጋዘን፣ የአበባ ማቀዝቀዣ ክፍልም ሆነ ሸቀጥ በባሕር የሚያሻግር ባለማቀዝቀዣ ኮንቴይነር፣ ሁሉም የሚሠሩት በቧንቧቸው ውስጥ በሚዘዋወር ጋዝ ኀይል ነው። ዕቃውን የሚገዛው ሰው የሚመለከተው የበሩን ማማር፣ የመደርደሪያውን ስፋትና ዋጋውን ነው፤ በውስጡ ያለው ጋዝ ምን ዓይነት እንደ ሆነ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ይሁን እንጂ ባለፉት መቶ ዓመታት ይህ ጋዝ ደጋግሞ ተለውጧል። በተለወጠ ቁጥርም ሳያስበው የቀረ ነጋዴ መለዋወጫ የማይገኝለት ዕቃ በመጋዘኑ ታቅፎ ቀርቷል። ከገንዘብ ኪሣራ አልፎ የሰው ሕይወት የጠፋበትም ጊዜ አለ። ስለዚህ በዛሬው ጽሑፋችን የነገሩን አመጣጥና አሁን የደረሰበትን ደረጃ ለክቡራን አባሎቻችን ባጭሩ ለማስረዳት እንሞክራለን። የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ማቀዝቀዣ እንዴት ያቀዘቅዛል?

በእንስራ የተቀመጠ ውሃ ለምን እንደሚቀዘቅዝ ሁላችንም እናውቃለን። ከሸክላው ላብ ሆኖ የወጣው ውሃ ወደ እንፋሎት ሲለወጥ ከእንስራው ሙቀት ይወስዳል፤ በውስጥ የቀረውም ውሃ ይበርዳል። የፍሪጅም ምስጢር ከዚህ የተለየ አይደለም። ልዩነቱ፣ ውሃ ለመፍላት በባሕር ጠረፍ 100 ዲግሪ፣ በአዲስ አበባ ከፍታ ደግሞ 92 ዲግሪ ያህል ሙቀት የሚያስፈልገው ሲሆን፣ ለማቀዝቀዣ የሚመረጠው ፈሳሽ ከዜሮ በታች የሚፈላ መሆኑ ነው። ይህ ፈሳሽ በፍሪጁ ውስጠኛ ክፍል ሲፈላ ከምግቡ ሙቀት ይወስዳል። ከዚያም ኮምፕሬሰሩ እንፋሎቱን ስቦ ይጨምቀዋል፤ የተጨመቀውም ጋዝ ከፍሪጁ በስተጀርባ ባለው ጥምዝ ቧንቧ ሙቀቱን ለክፍሉ አየር ሰጥቶ እንደ ገና ፈሳሽ ይሆናል። ጋዙ አይበላም፣ አያልቅምም። ስለዚህ አንድ ፍሪጅ ጋዝ አነሰው ከተባለ የሚያፈስ ቀዳዳ አለ ማለት ነው።

የቀድሞዎቹ ጋዞች

በ1834 ዓ.ም. ጄኮብ ፐርኪንስ የተባለ ሰው በለንደን በኤተር የሚሠራ የማቀዝቀዣ መኪና ፈጥሮ የባለመብትነት ማረጋገጫ አገኘ። በ1870ዎቹ ዓመታት ደግሞ ጀርመናዊው ካርል ፎን ሊንዴ በአሞኒያ የሚሠራውን መኪና አሻሽሎ ለቢራ ፋብሪካዎች አቀረበ። አሞኒያ ከዜሮ በታች በ33 ዲግሪ የሚፈላ፣ ዋጋው ርካሽ የሆነና ብዙ ሙቀት የሚሸከም ጋዝ ነው። ክፋቱ መርዛማ መሆኑና መዳብን የሚበላ መሆኑ ነው፤ በዚህ ምክንያት ቧንቧው ከብረት ይሠራል። ሲያፈስ ግን ሽታው ኀይለኛ ስለ ሆነ ሰውን አስቀድሞ ያስጠነቅቃል። ከቀድሞዎቹ ጋዞች ውስጥ እስከ ዛሬ በታላላቅ ፋብሪካዎችና መጋዘኖች ሥራውን ሳይለቅ የኖረው ይኸው አሞኒያ ነው።

ፍሪጅ ከፋብሪካ ወጥቶ ወደ መኖሪያ ቤት በገባበት በ1920ዎቹ ዓመታት ብዙ ሠሪዎች የተጠቀሙት በሰልፈር ዳይኦክሳይድና በሜቲል ክሎራይድ ነበር። የመጀመሪያው የሚነድ ዲን ሽታ ያለው ስለ ሆነ ቤተሰቡን እያሳለ ከቤት ያስወጣ ነበር። ሁለተኛው ግን ሽታው ደካማና ጣፋጭ መሰል በመሆኑ የተኛን ሰው አይቀሰቅስም። በ1920ዎቹ መጨረሻ በአሜሪካ በቺካጎ ከተማ ከፍሪጅ ባፈሰሰ ሜቲል ክሎራይድ ሰዎች በየመኖሪያ ቤታቸው ሞቱ። በዚያው ዘመን ስመ ጥሩው ሊቅ አልበርት አይንስታይን ከሊዮ ዚላርድ ጋር ሆኖ የሚንቀሳቀስ ክፍል የሌለውና ጋዝ የማያፈስ ፍሪጅ ለመሥራት የተነሣው ስለዚህ ዓይነቱ አደጋ ነበር፤ ሥራቸው ግን ገበያ ሳይደርስ ቀረ። በ1922 ዓ.ም. ፎን ፕላተንና ሙንተርስ የተባሉ ሁለት ስዊድናውያን የፈለሰፉት፣ ያለ ኮምፕሬሰር በላምባ ነበልባል የሚሠራው ፍሪጅ ግን ኤሌክትሪክ ላልደረሰባቸው አገሮች ሁሉ ብዙ ጊዜ አገለገለ።

የፍሪዮን ዘመን

በ1928 ዓ.ም. ቶማስ ሚጅሊ የተባለ አሜሪካዊ ከባልደረቦቹ ጋር ሆኖ የማይመርዝ፣ የማይቃጠልና ብረት የማይበላ ጋዝ አገኘ። በ1930 ዓ.ም. በሊቃውንት ጉባኤ ፊት ጋዙን ወደ ሳንባው ስቦ በትንፋሹ የሚነድ ሻማ አጠፋበት፤ በዚህም መርዝም ተቀጣጣይም አለመሆኑን አሳየ። ይህ ጋዝ በንግድ ስሙ ፍሪዮን፣ በቁጥሩ አር-12 የተባለው ነው። ከእርሱ ቀጥሎ አር-22 ለአየር ማቀዝቀዣና ለመጋዘን፣ አር-502 ደግሞ ለከፍተኛ ቅዝቃዜ ወጡ።

ጋዙ ጉዳት የለውም ስለ ተባለ በሥራው ላይ የነበሩ ሰዎች ልማድ በዚያው መጠን ተዝረከረከ። ፍሪጅ ሊጠግን የመጣው ሠራተኛ ቧንቧውን ቆርጦ ጋዙን ወደ አየር ይለቅ ነበር፤ ቧንቧ ለማጠብም በዚያው ጋዝ ይጠቀም ነበር፤ ቀዳዳውን ከመፈለግ ይልቅ በየጊዜው መሙላት ይቀለው ነበር። ይህ ልማድ ዛሬም በብዙ የጥገና ቤቶች አልጠፋም።

ልማዱ እንዲለወጥ ያስገደደው ነገር የታወቀው በ1974 ዓ.ም. ነው። ማሪዮ ሞሊናና ሼርውድ ሮውላንድ የተባሉ ሊቃውንት፣ የማይጠፋው ጋዝ ወደ ላይኛው አየር ወጥቶ በፀሐይ ጨረር እንደሚፈርስና ከውስጡ የሚወጣው ክሎሪን ከፀሐይ ጎጂ ጨረር የሚከላከልልንን የኦዞን ሽፋን እንደሚያጠፋ ገለጹ። በ1985 ዓ.ም. የእንግሊዝ ተመራማሪዎች በአንታርክቲካ ሰማይ ላይ ሽፋኑ ክፉኛ መሳሳቱን አስታወቁ። መንግሥታትም በመስከረም ወር 1987 ዓ.ም. በሞንትሪያል ከተማ ተሰብስበው ስምምነት ተፈራረሙ። አገራችንም በ1994 ዓ.ም. የዚህ ስምምነት አባል ሆናለች።

በስምምነቱ መሠረት አር-12ና ዘመዶቹ በበለጸጉት አገሮች በ1996፣ በማደግ ላይ ባሉት ደግሞ በ2010 ዓ.ም. መመረታቸውና መግባታቸው ቆመ። አር-22 ለማደግ ላይ ላሉት አገሮች በደረጃ የሚቀነስ ሆነ፤ በ2015 አሥር በመቶ፣ በ2020 ሠላሳ አምስት በመቶ፣ በ2025 ስድሳ ሰባት ተኩል በመቶ ይቀነሳል፤ ከ2030 በኋላም ለነባር መሣሪያዎች ጥገና ከሚፈቀድ ጥቂት መጠን በቀር አይገባም። እንግዲህ ዛሬ በአር-22 የሚሠራ አዲስ መሣሪያ የሚያስመጣ ነጋዴ ጋዙ እየጠፋና እየተወደደ የሚሄድ ዕቃ እንደሚገዛ ይወቅ።

ተተኪዎቹ ጋዞች

አር-12ን በፍሪጅና በመኪና ውስጥ የተካው አር-134ኤ ነው። ክሎሪን ስለሌለው ኦዞንን አይነካም። ነገር ግን በአሮጌ ፍሪጅ ውስጥ ዝም ብሎ የሚሞላ አይደለም። ለአር-12 የሚያገለግለው የማዕድን ዘይት ከአር-134ኤ ጋር አይዋሐድም፤ ስለዚህ ፖሊኦልኤስተር የተባለ ሌላ ዘይት ያስፈልጋል። ይህም ዘይት እርጥበትን አጥብቆ ስለሚስብ ቆርቆሮው ተከፍቶ የቆየ ከሆነ ኮምፕሬሰሩን ያበላሻል። የመለዋወጫ ሱቅ ያላቸው ነጋዴዎች ሁለቱን የዘይት ዓይነቶች ለይተው ማስቀመጥ፣ ክዳኑ የተነካውንም ቆርቆሮ አለመሸጥ ይገባቸዋል።

አር-134ኤም ቢሆን ከነቀፋ አላመለጠም። አንድ ኪሎ አር-134ኤ ወደ አየር ቢለቀቅ በመቶ ዓመት ውስጥ የ1,430 ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያህል ምድርን ያሞቃል፤ አር-410ኤ 2,088፣ አር-404ኤ ደግሞ 3,922 ይደርሳል። በጥቅምት ወር 2016 ዓ.ም. በኪጋሊ ከተማ የተደረገው ማሻሻያ እነዚህንም ጋዞች በደረጃ እንዲቀነሱ ወሰነ። አገራችን ለምትገኝበት ምድብ መጠኑ ከ2024 ዓ.ም. ጀምሮ ከተወሰነው ጣሪያ እንዳያልፍ ተደርጓል፤ በ2029 አሥር በመቶ፣ በ2035 ሠላሳ በመቶ፣ በ2040 ኀምሳ በመቶ፣ በ2045 ሰማንያ በመቶ ይቀነሳል።

ስለዚህ የዓለም ፋብሪካዎች ፊታቸውን ወደ ሌሎች ጋዞች መልሰዋል። በ1993 ዓ.ም. ገደማ በጀርመን አገር አይሶቡቴን፣ ማለት አር-600ኤ፣ የተሞላበት የቤት ፍሪጅ ለገበያ ቀረበ። ዛሬ ከውጭ ከሚገቡት አዳዲስ የቤት ፍሪጆች ብዙዎቹ በዚህ ጋዝ ይሠራሉ። አር-290 የሚባለው ፕሮፔን በሱቅ ማቀዝቀዣዎች፣ አር-32 ደግሞ በአየር ማቀዝቀዣዎች ተስፋፍተዋል። አይሶቡቴንና ፕሮፔን ምድርን የማሞቅ ኀይላቸው እጅግ ትንሽ ነው፤ ነገር ግን እንደ ማእድ ቤት ጋዝ ይቀጣጠላሉ። በቤት ፍሪጅ ውስጥ የሚገባው ተቀጣጣይ ጋዝ ከ150 ግራም እንዳይበልጥ የተወሰነው ስለዚህ ነው። በእንደዚህ ያለ ፍሪጅ ላይ ጋዙ ሳይወጣ በእሳት መበየድ አደገኛ ነው። እንዲሁም ለአር-134ኤ ተብሎ በተሠራ ፍሪጅ ውስጥ ተቀጣጣይ ጋዝ መሙላት ክልክል ሊሆን ይገባል፤ የመብራቱና የቴርሞስታቱ ማብሪያ ማጥፊያ ብልጭታ ያወጣልና።

አሮጌው መርዝ ተመለሰ

አንድ ጋዝ እየተወደደ ሲሄድ አስመስሎ የሚሠራ አይጠፋም። በ2011 ዓ.ም. በልዩ ልዩ ወደቦች ባለማቀዝቀዣ ኮንቴይነሮች ፈነዱ፤ ሦስት ሠራተኞችም ሞቱ። ጉዳዩ ሲመረመር ኮንቴይነሮቹ ቀደም ብለው በቬትናም የተጠገኑ መሆናቸውና በአር-134ኤ ስም የተሞላባቸው ጋዝ ሜቲል ክሎራይድ የተቀላቀለበት መሆኑ ተገኘ። ከሰማንያ ዓመት በፊት በቺካጎ ሰው የገደለው ጋዝ አዲስ ስም ተለጥፎበት ተመለሰ ማለት ነው። ሜቲል ክሎራይድ ከአሉሚኒየም ጋር ሲገናኝ አየር ሲነካው በራሱ የሚነድ ነገር ይፈጥራል፤ የዛሬ ማቀዝቀዣዎች ብዙ ክፍል ደግሞ አሉሚኒየም ነው። የመርከብ ኩባንያዎች በመቶ የሚቆጠሩ ኮንቴይነሮችን ከሥራ አግልለው ለማቆም ተገደዱ።

ይህ ነገር ለአገራችን ሩቅ አይደለም። ሥጋችንና አትክልታችን በእንዲህ ያሉ ኮንቴይነሮች በጅቡቲ በኩል ይጫናል፤ የጋዝ ሲሊንደሮችም ከብዙ አገር ይገባሉ። አጭበርባሪዎቹ ቅልቅሉን የሚያዘጋጁት በግፊት መለኪያ ላይ ልክ እንደ አር-134ኤ እንዲያሳይ አድርገው ነው። በ20 ዲግሪ ሙቀት ንጹሕ አር-134ኤ በባሕር ጠረፍ በመለኪያው ላይ 4.7 ባር ገደማ ያሳያል፤ በአዲስ አበባ የአየሩ ክብደት ስለሚያንስ 4.9 ያህል ይነበባል። ቁጥሩ ከዚህ ከራቀ ጋዙ አጠራጣሪ ነው፤ ቁጥሩ ስለ ገጠመ ብቻ ግን ንጹሕ ነው አይባልም። የሲሊንደሩም ቀለም ምስክር አይሆንም። ቀድሞ አር-134ኤ በሰማያዊ፣ አር-22 በአረንጓዴ፣ አር-12 በነጭ ይለዩ ነበር፤ ከ2020 ዓ.ም. ወዲህ ግን የአሜሪካ የኢንዱስትሪው ማኅበር ሁሉም አንድ ዓይነት ግራጫ መሰል ቀለም እንዲቀቡ መክሯል።

ለነጋዴዎች የሚሰጥ ምክር

አስመጪዎች፤ በፋክቱሩና በሌተር ኦፍ ክሬዲቱ ላይ «የፍሪጅ ጋዝ» ብቻ ተብሎ እንዲጻፍ አትፍቀዱ። የጋዙ ቁጥር፣ የንጽሕናው መጠን፣ የፋብሪካው ስምና የምርቱ ተራ ቁጥር ይጻፍ፤ የምርመራ ወረቀትም ከዕቃው ጋር ይምጣ። ዋጋው ከገበያው እጅግ ካነሰ ምክንያቱን ጠይቁ። የሞንትሪያሉ ስምምነት አባል አገሮች የገቢና የወጪ ፈቃድ ሥርዓት እንዲያቆሙ ያስገድዳል፤ በአገራችንም ኦዞንን ስለ መጠበቅ በ2011 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 716 ወጥቷል። ስለዚህ ትእዛዝ ከመስጠታችሁ በፊት ከአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን ፈቃድ ማግኘታችሁን አረጋግጡ፤ ዕቃው ጉምሩክ ከደረሰ በኋላ የሚጀመር ልመና ገንዘብና ጊዜ ያባክናል።

ባለ ሱቆች፤ ፍሪጅ ስትሸጡ ከጀርባው ወይም ከኮምፕሬሰሩ ላይ የተለጠፈውን ጽሑፍ አንብቡ፤ የጋዙ ቁጥርና ግራሙ በዚያ ተጽፎ ይገኛል። ይህንኑ በደረሰኙ ላይ ብታሰፍሩ ለሚጠግነው ሠራተኛ ትልቅ እርዳታ ነው። ያገለገሉ ፍሪጆችን የምትነግዱ ደግሞ አር-12 የተጻፈበትን ዕቃ ርካሽ ነው ብላችሁ አትግዙ፤ ጋዙ የለምና።

ላኪዎች፤ ኮንቴይነር ስትረከቡ ሙቀቱን ብቻ ሳይሆን መቼና በማን እንደ ተጠገነ ጠይቁ። አጠራጣሪ ጋዝ ለመለየት በወደቦች የተለመደ አንድ ቀላል ፈተና አለ፤ ሐላይድ በሚባለው የመመርመሪያ ፋና ላይ ጥቂት ጋዝ ሲያልፍ ነበልባሉ አረንጓዴ ከሆነ በጋዙ ውስጥ ክሎሪን አለ ማለት ነው። ንጹሕ አር-134ኤ ክሎሪን የለውም። ይህን ፈተና ግን ተቀጣጣይ ጋዝ ባለበት ቦታ ማድረግ አይገባም፤ ሥራውም የሠለጠነ ሰው ሥራ ነው።

የጥገና ቤት ያላችሁም ጋዝን ወደ አየር የመልቀቁን አሮጌ ልማድ ተዉ። ጋዙን በመሳቢያ መኪና ወደ ሲሊንደር መልሶ ማጠራቀም ዛሬ ትርፍ ነው፤ ነገ ደግሞ ጋዙ ባነሰ ቁጥር የሥራው ዋና ክፍል ይሆናል። አበው «ሳይቃጠል በቅጠል» እንዳሉት፣ አንድ ቁጥር አንብቦና አንድ ወረቀት ጠይቆ መግዛት ብዙ ገንዘብን፣ ከዚያም በላይ የሠራተኛን ሕይወት ያድናል።