ያገለገለ ጀልባ፣ የሰዓት ዋጋና የጨው ውሃ ሒሳብ

ከሲያትል ተነስቶ በሳን ሁዋን ደሴቶች ወደምትገኘው ፍራይዴይ ሃርበር ለመድረስ 65 የባሕር ማይል ገደማ፣ ማለትም 120 ኪሎ ሜትር ያህል መጓዝ ያስፈልጋል። በሰዓት 8 የባሕር ማይል፣ በመርከበኞች አነጋገር በ8 ኖት፣ ለሚሄድ ባለ 42 ጫማ ጀልባ ጉዞው ከ8 ሰዓት በላይ ይፈጃል። በ25 ኖት ለሚሄድ ባለ 27 ጫማ ጀልባ ደግሞ ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ይበቃዋል። ዓርብ ማታ ከሥራ ወጥቶ ሰኞ ጠዋት ሥራ ገበታው ላይ መገኘት ያለበት ሰው በመጀመሪያው ጀልባ ቅዳሜን ሲሄድ ይውላል፣ እሑድን ሲመለስ። በሁለተኛው ጀልባ ግን ቅዳሜ ረፋድ ላይ መልሕቁን ጥሎ እስከ እሑድ ከሰዓት በኋላ ከልጆቹ ጋር ደሴቱ ላይ ይቆያል።

ሲያትል በአሜሪካ ብዙ ኢትዮጵያውያን ከሚኖሩባቸው ከተሞች አንዷ ናት። ቤትና ንግድ ካቋቋሙት ወገኖች መካከል የፑጄት ሳውንድን ባሕር ከመንገድ ዳር ማየት ሰልችቷቸው ጀልባ የሚያማርጡ አይጠፉም። የዛሬው ጽሑፌ በቅድሚያ ለእነሱ ነው። ሆኖም ያገለገለ ማሽን ገዝቶ በዓመት ጥቂት ቀናት ብቻ የሚጠቀምበት ሰው ሁሉ ይህንኑ ሒሳብ መሥራት አለበት።

ሰው ጀልባ ሲያማርጥ መጀመሪያ ዓይኑ የሚያርፈው ርዝመቱ ላይ ነው። ያገለገሉ ትላልቅና ዘገምተኛ ጀልባዎች ዋጋቸው ወርዶ ስለሚገኙ ፈተናው ከባድ ነው። የ40 ዓመት ዕድሜ ያለው ባለ 42 ጫማ ጀልባ፣ ሁለት መኝታ ቤትና ሙሉ ኩሽና ይዞ፣ ከአዲስ ባለ 27 ጫማ ጀልባ ባነሰ ዋጋ ሊሸጥ ይችላል። ገዢው ርካሽ አገኘሁ ይላል። ግን የማሪና ኪራይ የሚታሰበው በጫማ ነው፤ ጀልባውን ከውሃ አውጥቶ ሆዱን መቀባትም እንዲሁ በጫማ ይከፈላል። ክብደት ደግሞ ከርዝመት በጣም ፈጥኖ ያድጋል። ቅርጹ ሳይለወጥ ርዝመቱ እጥፍ ቢሆን ክብደቱ ስምንት እጥፍ ይደርሳል፤ መልሕቁ፣ ሰንሰለቱ፣ ሞተሩና ባትሪው ሁሉ ክብደቱን ተከትለው ይተልቃሉ። ለስሌት ያህል ማሪናው በወር ለአንድ ጫማ 18 ዶላር ያስከፍላል እንበል። ትልቁ ጀልባ በዓመት 9,072 ዶላር ሲከፍል ትንሹ የሚከፍለው 5,832 ዶላር ነው። የ3,240 ዶላሩ ልዩነት ጀልባው ከቦታው ባይንቀሳቀስም ይከፈላል።

ወደ ፍጥነቱ እንምጣ። ውሃን እየገፋ የሚሄድ ከባድ ጀልባ የማያልፈው የፍጥነት ጣሪያ አለው። ጣሪያው የሚገኘው ጀልባው ውሃ ላይ ያረፈበት ርዝመት በጫማ ተለክቶ፣ የዚያ ቁጥር ስኩዌር ሩት በ1.34 ሲባዛ ነው። 40 ጫማ ከሆነ 8 ኖት ተኩል ገደማ ይመጣል። ከዚያ በላይ ለመሄድ ጀልባው ራሱ የፈጠረውን ማዕበል መውጣት ስላለበት ጉልበቱም ነዳጁም በከንቱ ይባክናል። ቀላልና ታችኛው ክፍሉ ለዚህ የተሠራ ጀልባ ግን በቂ ጉልበት ሲያገኝ ከውሃው ብቅ ብሎ ላዩ ላይ ይንሸራተታል።

ፈጣን ጀልባ ነዳጅ ይበላል የሚለውን ስጋት በቁጥር እንየው። በሙያው ዘንድ የተለመደው ግምት፣ የቤንዚን ሞተር 10 የፈረስ ጉልበት ለማውጣት በሰዓት አንድ ጋሎን ያህል ያቃጥላል የሚል ነው። ትንሹ ጀልባ በ25 ኖት ሲሄድ 150 የፈረስ ጉልበት ቢጠቀም በሰዓት 15 ጋሎን ነው፤ ለደርሶ መልስ 130 የባሕር ማይል 78 ጋሎን ይሆናል። ትልቁ ጀልባ በሁለት የናፍጣ ሞተሮቹ በሰዓት 4 ጋሎን ቢያቃጥል ለዚያው መንገድ 65 ጋሎን ይፈልጋል። በትንሹ ጀልባ 13 ጋሎን ጨምሮ የከፈለ ሰው 11 ሰዓት አተረፈ ማለት ነው። የምጣኔ ሀብት ሰዎች የታለፈ ዕድል ዋጋ የሚሉት እዚህ ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል። አንድ ሰዓቱን በ30 ዶላር የሚተምን ሠራተኛ 330 ዶላር የሚያወጣ ጊዜ አገኘ፤ የተጨማሪው ነዳጅ ወጪ ግን ከ100 ዶላር በታች ነው።

ይህ ስሌት ሁለት ነገሮችን አይነግረንም። አንደኛው፣ ትንሹ ጀልባ ኪሳራ ላይ የሚወድቀው በመካከለኛ ፍጥነት፣ ከ10 እስከ 14 ኖት አካባቢ ሲሄድ ነው። በዚያ ፍጥነት አፍንጫውን ሰቅሎ ማዕበሉን እየወጣ ስለሆነ የቤንዚን ፍጆታው ይከፋል። ወይ ዝግ ብሎ በ6 ኖት መሄድ፣ ወይ ጨክኖ ከ18 በላይ መሆን ይሻላል። ሁለተኛው የባሕሩ ጠባይ ነው። በመንገዱ ላይ በሚገኘው የሁዋን ዴ ፉካ ባሕረ ሰርጥ ነፋሱ ከባሕሩ ጅረት ጋር ሲጋጭ ውሃው አጭርና ቀጥ ያለ ሞገድ ያነሳል፤ ያኔ ቀላል ጀልባ 25 ኖቱን ትቶ ወደብ ውስጥ ይጠብቃል። ከታች ጠለቅ ያለ የቪ ቅርጽ ያለው ጀልባ ሞገዱን ይሰነጥቃል፣ ነዳጅ ግን በዛ አድርጎ ይወስዳል። ጠፍጣፋ የሆነው ነዳጅ ይቆጥባል፣ ተሳፋሪውን ግን ያላትማል። የተሻለው የቱ እንደሆነ የሚወስነው ገዢው የሚሄድበት ውሃ ነው። ፑጄት ሳውንድ ላይ ተንሳፋፊ ግንድ የተለመደ ስለሆነ በጨለማ በ25 ኖት መሄድ አይታሰብም።

ፍጥነት ሌላም ጥቅም አለው፤ እንደ እኔ እምነት ዋናው እሱ ነው። ዲሴፕሽን ፓስ በሚባለው ጠባብ መተላለፊያ የባሕሩ ጅረት እስከ 8 ኖት ይደርሳል። የ8 ኖት ጀልባ ጅረቱ ፊት ለፊት ከመጣበት ባለበት ይቆማል፤ ስለዚህ ባለቤቱ ውሃው የሚረጋበትን ሰዓት ከሰንጠረዥ ፈልጎ ቀኑን በሙሉ በዚያ ሰዓት ዙሪያ ያቅዳል። ፈጣን ጀልባ ያለው ሰው የማለፊያ ሰዓቱ ሰፊ ነው፤ የአየር ትንበያው ሦስት የተረጋጉ ሰዓታት ብቻ ቢሰጠውም ይሻገርባቸዋል።

ፈጣኑን ትንሽ ጀልባ ያገለገለ ሆኖ ስንገዛው ግን ሒሳቡ ሁሉ አንድ ነገር ላይ ይወድቃል፦ ሞተሩ ላይ። አሜሪካዊው የምጣኔ ሀብት ምሁር ጆርጅ አከርሎፍ እ.ኤ.አ. በ1970 ባሳተመው ጥናት ሻጩ የሚያውቀውን ገዢው በማያውቅበት ገበያ መጥፎው ዕቃ ጥሩውን ከገበያ ያስወጣል ብሎ አስረዳ፤ በ2001 የኖቤል ሽልማት ተጋራበት። ምሳሌው ያገለገለ መኪና ነበር። አዲስ አበባ ውስጥ መኪና የሚገዛ ሰው መካኒክ ይዞ የሚሄደው ይህንኑ የመረጃ አለመመጣጠን ለማጥበብ ነው። ጀልባ ላይ ችግሩ ይብሳል፤ ጨው ውሃ የሚያደርሰው ጉዳት ከቀለሙ ሥር ነውና።

ለምሳሌ በጀልባው ሆድ ውስጥ ተቀምጦ ማስተላለፊያው በስተኋላ የሚወጣ የቤንዚን ሞተርን እንመልከት። የጭስ ማውጫ ብረቶቹ ከውስጥ በባሕር ውሃ የሚቀዘቅዙ ከሆነ በየ5 እስከ 7 ዓመቱ መለወጥ አለባቸው። ከውጭ ሲታዩ ጤነኛ መስለው ከውስጥ ይበላሉ፤ አንድ ቀን ውሃ ወደ ሞተሩ ያስገባሉ፤ ያኔ ሞተሩ አበቃለት። በጨው ውሃ ለሚንሸራሸር ሰው ከጀልባው ጀርባ የሚሰቀለውን አውትቦርድ ሞተር የምመርጠው በዚህ ምክንያት ነው። ከውሃው ተነቅሎ ይሰቀላል፣ በንጹሕ ውሃ ይታጠባል፣ ሲያረጅም ወለሉን ሳይሰብሩ በሌላ ይተካል። ባለ 300 የፈረስ ጉልበት አዲስ ሞተር ከነመግጠሚያው ከ30 ሺህ ዶላር በላይ ሊጠይቅ ስለሚችል፣ 60 ሺህ ዶላር የተባለ ጀልባ ሞተሩ ከደከመ ዋጋው ወደ 90 ሺህ ይጠጋል። በ2020 ግንቦት ወር ቢአርፒ የተባለው የካናዳ ኩባንያ የኤቪንሩድ ሞተሮችን ማምረት አቁሟል፤ እነዚህን ሞተሮች የተሸከሙ ጀልባዎች ቅናሽ ቢደረግባቸው የወደፊት መለዋወጫ ፍለጋን ያካተተ ዋጋ ነው።

የሞተር ሰዓት ማነስም ሁልጊዜ መልካም ዜና አይደለም። ለ15 ዓመት 150 ሰዓት ብቻ የሠራ ሞተር አብዛኛውን ዕድሜውን ቆሞ ዝጓል ማለት ሊሆን ይችላል። የዘመኑ ሞተር ኮምፒውተር በየትኛው የዙር ፍጥነት ስንት ሰዓት እንደሠራ መዝግቦ ይይዛል፤ መካኒኩ ያንን አትሞ እንዲሰጣችሁ ጠይቁ። የፋይበር ግላሱን አካል ደግሞ የሙያ ማረጋገጫ ያለው የጀልባ መርማሪ በትንሽ መዶሻ እያንኳኳ ያዳምጣል። ጤነኛው ቦታ ጥርት ያለ ድምፅ ሲሰጥ፣ በውስጡ ያለው እንጨት የበሰበሰበት ቦታ የታፈነ ድምፅ ይሰጣል። እንጨቱን የሚያበሰብሰው በብዛት ከላይ የሚገባው የዝናብ ውሃ ነው፤ ዝናባማ በሆነችው ሲያትል ይህ ትልቅ ነገር ነው። ስለዚህ ባሕሩን ከሐይቁ ከሚያገናኘው የባላርድ የውሃ በር ወዲያ፣ በሌክ ዩኒየን ሐይቅ ጨው አልባ ውሃ ላይ የኖረ ጀልባ ብረቱ ከዝገት ቢድንም የላይኛው ወለሉ መፈተሹ አይቀርም። መርማሪው ለአንድ ጫማ 25 ዶላር ያስከፍላል ብንል፣ ለ27 ጫማ ጀልባ 700 ዶላር አይሞላም፤ የ30 ሺህ ዶላር ስህተትን ለመከላከል ይህ በጣም ርካሽ ኢንሹራንስ ነው።

ገበያው ራሱ ያለበትን ዑደት ማወቅም ይጠቅማል። በወረርሽኙ ዓመት በ2020 አሜሪካ ውስጥ ከ310 ሺህ በላይ አዳዲስ የሞተር ጀልባዎች ተሸጡ፤ ከ2008 ወዲህ ያልታየ ቁጥር ነበር። ሰው ቤት ተዘግቶበት፣ የባንክ ወለድ ዜሮ አጠገብ ደርሶ፣ ያገለገለ ጀልባ እንኳ በተጠየቀው ዋጋ ይወሰድ ነበር። ከመጋቢት 2022 ጀምሮ የአሜሪካ ማዕከላዊ ባንክ ወለዱን ማንሳት ጀመረና በሐምሌ 2023 ከ5.25 እስከ 5.5 በመቶ አደረሰው። በወረርሽኙ የገበያ ሙቀት የተቀመጠ ዋጋ ዛሬ መለኪያ ሊሆን አይገባም። ወቅቱም ዋጋ አለው። በመስከረምና በጥቅምት የሚሸጥ ሰው የክረምቱን የማሪና ኪራይ እያሰበ ስለሚደራደር ገዢው የተሻለ አቅም አለው።

ግብሩን ብዙ ሰው ይረሳዋል። በሲያትል ከ10 በመቶ በላይ የሆነው የሽያጭ ግብር ከግለሰብ የተገዛ ጀልባንም ይመለከታል፤ ለ60 ሺህ ዶላር ጀልባ ከ6 ሺህ ዶላር በላይ ነው። የዋሽንግተን ግዛት በየዓመቱ ከጀልባው የገበያ ዋጋ ግማሽ በመቶ ያስከፍላል።

አሁን ከነዳጅ በቀር ያለውን ዓመታዊ ወጪ እንደምር። ለትንሹ ጀልባ ማሪናው 5,832፣ ጥገናው 4,000፣ ኢንሹራንሱ 1,000፣ የግዛቱ ግብር 300፣ የእርጅና ቅናሹ 5,000 ዶላር ነው ብንል በዓመት 16 ሺህ ዶላር ገደማ ይወጣል። ከግዛቱ ግብር በቀር ሁሉም የእኔ ግምት ናቸው፤ እያንዳንዱ ሰው የራሱን ያስገባ። በዓመት 30 ቀን ለሚጠቀምበት ቤተሰብ የአንዱ ቀን ዋጋ 540 ዶላር ያህል ነው፤ ለ10 ቀን ከሆነ ከ1,600 ዶላር በላይ ይደርሳል። በዓመት ከ15 ቀን በታች የሚወጣ ሰው መከራየት ይሻለዋል። ስፋቱ ከ8 ጫማ ከ6 ኢንች ያልበለጠ ጀልባ ልዩ ፈቃድ ሳያስፈልገው በተሳቢ መንገድ ላይ ስለሚጎተት፣ ግቢ ያለው ሰው ከሒሳቡ ትልቁን ወጪ፣ የማሪናውን ኪራይ፣ ሊያወጣው ይችላል። ባለ 42 ጫማ ጀልባ ላይ ይህ አማራጭ የለም።

አንድ አደጋ አለ፤ አጥብቄ ላሳስብ። በአሜሪካ የባሕር ሕግ ያልተከፈለ የጥገና ወይም የማሪና ዕዳ ጀልባውን ራሱን ይከተላል። ባለቤት ቢቀየርም ዕዳው አይለቀውም፤ አዲሱ ባለቤት ባላወቀው ዕዳ ጀልባው ሊያዝበት ይችላል። ስለዚህ በጀልባው ጀርባ የተቀረጸውን ባለ 12 ፊደልና ቁጥር መለያ ከወረቀቱ ጋር አመሳክሩ፤ የመጨረሻዎቹ አራት የተሠራበትን ጊዜና የሞዴሉን ዓመት ይናገራሉ። በባሕር ጠረፍ ጥበቃ የተመዘገበ ከሆነ የባለቤትነትና የዕዳ ታሪኩን ጠይቃችሁ አስወጡ። ሽያጩ በመርማሪው ውጤትና በባሕር ላይ ሙከራው እንደሚወሰን የሚገልጽ አንቀጽ ውሉ ውስጥ ሳይገባ፣ ሻጩ የቅርብ ዘመድ ቢሆንም እንኳ፣ ቀብድ አትክፈሉ።