ሌስሊ ብራውንና የባሌ ደጋ አጋዘን፦ የአንድ አኃዝ ታሪክ

የደጋ አጋዘን ቁጥር መመናመን በተነሣ ጊዜ ብዙውን ጊዜ ለንጽጽር የሚቀርበው ሌስሊ ብራውን በ1960ዎቹ ያስቀመጠው ግምት ነው። አኃዙ ደጋግሞ ቢጠቀስም፣ ያስቀመጠው ሰው ማን እንደ ነበርና በምን ዓይን እንዳየ እምብዛም አይጠየቅም። ይህ ጽሑፍ የብራውንን የሥራ ሕይወት በአጭሩ በመቃኘት፣ ግምቱ እንዴት ሊነበብ እንደሚገባ ያብራራል። ዓመታቱ፣ ዓ.ም. ካልተባለ በቀር፣ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።

ከስኮትላንድ ጋር ግንኙነት ኖሯቸው ስማቸው በኢትዮጵያ ጥናት ከሚነሣ ሰዎች መካከል ቀድሞ የሚታወሰው በ1770 ጎንደር የገባው ጀምስ ብሩስ ነው። ብሩስ የመጣው የዓባይን ምንጭ ፍለጋ ነበር። የብራውን ጉዞ ግን ከዚህ የተለየ መነሻ ነበረው። በ1917 በሕንድ ተወልዶ በስኮትላንድ ሴንት አንድሩስ ዩኒቨርሲቲ ሥነ እንስሳትን ያጠና ሲሆን፣ መተዳደሪያው ግን ግብርና ነበር። በናይጄሪያ፣ ቀጥሎም በኬንያ በግብርና ባለሙያነት ሠርቶ፣ በኬንያ የግብርና መሥሪያ ቤት ከፍተኛ ኃላፊነት ላይ ደርሷል። በዓለም ዘንድ የታወቀበትን የንስርና የሌሎች አዳኝ አዕዋፍ ጥናት ያካሄደው ከዚሁ ሥራ ጎን ለጎን ነው።

ደጋ አጋዘን በዘመናዊው ሳይንስ ስም ያገኘው በ1910 ነው። ለአካባቢው አርብቶ አደር ግን አዲስ እንስሳ አልነበረም። ብራውን በ1960ዎቹ በባሌ ተራሮች ቅኝት ባደረገ ጊዜ እንስሳው ከታሰበው በላይ በርካታ መሆኑን ተረድቶ፣ ቁጥሩን ከ7 ሺህ እስከ 8 ሺህ ገመተ። አካባቢው ብሔራዊ ፓርክ እንዲሆንም ሐሳብ አቀረበ። ፓርኩ በ1970 ተቋቋመ፤ ዋና ጽሕፈት ቤቱም በዲንሾ ሆነ።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያሻል። የብራውን አኃዝ ከመስክ ምልከታ የተነሣ ግምት እንጂ ቆጠራ አይደለም። በቅርብ ዘመን የሚጠቀሰው ግምት ከ1,500 እስከ 4,000 ይደርሳል። ሁለቱ አኃዞች በተለያየ ዘዴ የተገኙ ስለሆኑ፣ አንዱን ከሌላው ቀንሶ የጠፋውን እንስሳ ብዛት በትክክል ማወቅ አይቻልም። ይህ ማለት ግን እንስሳው አልቀነሰም ማለት አይደለም። በ1983 ዓ.ም. በመንግሥት ለውጥ ወቅት በፓርኩ ሰሜናዊ ክፍል በርካታ አጋዘኖች ተገድለዋል፤ የእርሻ፣ የሰፈራና የግጦሽ መስፋፋትም መኖሪያቸውን አጥብቧል። የመቀነሱ አቅጣጫ የጸና ማስረጃ አለው፤ መጠኑ ግን አከራካሪ ሆኖ ይቀጥላል።

የብራውን ሥራ ሌላም ትምህርት ይሰጣል። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ያስተምር ከነበረው ከኤሚል ኧርባን ጋር በሻላ ሐይቅ የነጭ ፔሊካንን መራባት አጥንቷል። ሁለቱ ያዘጋጁት የኢትዮጵያ አዕዋፍ ዝርዝርም በ1971 በዩኒቨርሲቲው ማተሚያ ቤት ታትሟል። ብራውን በ1980 ቢያርፍም፣ እዚሁ አገር የታተመው ዝርዝር ለቀጣዩ ተመራማሪ እየጨመረ፣ እያረመ የሚሄድበትን መሠረት ትቶለታል።

የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ2023 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ይህም አስተማማኝና ተደጋጋሚ ቆጠራን ከምንጊዜውም ይልቅ አስፈላጊ ያደርገዋል። ዲንሾ ለሮቤም ሆነ ለጎባ ተማሪ ሩቅ አይደለችም። ከ60 ዓመት በፊት የተሰጠን ግምት እንደ መነሻ የሚጠቅስ የመመረቂያ ጽሑፍ ሁሉ፣ ከአኃዙ ጎን አኃዙ የተገኘበትን መንገድ ቢጽፍና ሌላ ሰው ሊደግመው በሚችል ዘዴ የራሱን ቆጠራ ቢያኖር፣ የሚቀጥለው ትውልድ በግምት ላይ ግምት ከመደረብ ይድናል።