ቆጠራ የማይደርስበት ቁጥር

ከ101 እስከ 113 ባሉት 13 ቁጥሮች ውስጥ አምስት ብቸኛ ቁጥሮች አሉ፤ 101፣ 103፣ 107፣ 109 እና 113። ቀጥለው ከሚመጡት 13 ቁጥሮች ግን አንዱም ብቸኛ አይደለም። ከ1 እና ከራሳቸው በቀር ለሌላ የማይካፈሉት እነዚህ ቁጥሮች አንዴ ተከታትለው ይመጣሉ፣ አንዴ ድምጥማጣቸው ይጠፋል።

በብዛት ሲታዩ ግን ሥርዓት አላቸው። ጀርመናዊው ካርል ፍሬድሪክ ጋውስ እ.ኤ.አ. በ1792 ወይም በ1793፣ ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ሳለ፣ በየሺሁ ቁጥር ውስጥ ስንት ብቸኛ ቁጥር እንዳለ ከሰንጠረዥ ላይ ይቆጥር ጀመር። ከዚያም በኋላ ትርፍ ሩብ ሰዓት ባገኘ ቁጥር ወደዚያው ይመለስ እንደነበር በ1849 ለሥነ ፈለክ ሊቁ ለኤንከ ጽፎለታል። የደረሰበት ነገር ዛሬም ያስደንቃል፤ ብቸኛ ቁጥሮች የሚሳሱት በሎጋሪዝም ልክ ነው። በ1,000 አካባቢ ከ7 ቁጥሮች አንዱ ያህል ብቸኛ ነው፤ በሚሊዮን አካባቢ ከ14 አንዱ፣ በቢሊዮን አካባቢ ከ21 አንዱ። ሺህ እጥፍ ባደገ ቁጥር 7 ያህል ይጨመራል።

በዚህ ስሌት እስከ ሚሊዮን ድረስ 78,628 ያህል ብቸኛ ቁጥሮች ሊኖሩ ይገባል። ያሉት 78,498 ናቸው። እስከ ቢሊዮን ካሉት 50,847,534 ደግሞ ግምቱ የሚስተው በ1,700 ገደማ ብቻ ነው!

ማረጋገጫው መቶ ዓመት ፈጀ። በርንሃርድ ሪማን በ1859 መንገዱን ጠረገ፤ በ1896 ፈረንሳዊው ዣክ አዳማርና ቤልጂጋዊው ሻርል ደ ላ ቫሌ ፑሳን በየፊናቸው ደረሱበት። ቁጥሩ እየገዘፈ ሲሄድ ግምቱ ለእውነተኛው ብዛት ሲካፈል ውጤቱ ወደ 1 ይጠጋል።

ይበልጥ የሚገርመው ግን ሌላ ነው። በተቆጠረው ሰንጠረዥ ሁሉ የጋውስ ግምት ከእውነተኛው በጥቂቱ ይበልጣል፤ ቢሊዮን ጊዜ ተፈትኖ ያልወደቀን ነገር ማን ይጠራጠራል? እንግሊዛዊው ጆን ሊትልዉድ በ1914 ብልጫው እንደሚገለበጥ፣ ያውም ማለቂያ ለሌለው ጊዜ እንደሚገለባበጥ አረጋገጠ። የመጀመሪያው መገለበጥ ከየትኛው ቁጥር በፊት ይገኛል? ተማሪው ስታንሊ ስኪውስ በ1933 ሪማን ያቀረበው፣ ገና ያልተረጋገጠው መላምት እውነት ነው ብሎ ተነሥቶ አንድ ጣሪያ አበጀ፤ በዚያ ቁጥር ከ1 ኋላ የሚከተሉት ዜሮዎች ስንት እንደሆኑ በአሃዝ ዘርዝሮ ለመጻፍ እንኳ የምድር ወረቀት አይበቃም።

በ2000 ካርተር ቤይስና ሪቻርድ ሃድሰን ጣሪያውን ወደ አንድ ባለ 317 አሃዝ ቁጥር አወረዱት። ከዚያ ቀድሞ የሚገለበጥበት ስፍራ መኖር አለመኖሩ ገና አልተለየም፤ አንድ በአንድ ቆጥሮ እዚያ የሚደርስ ኮምፒዩተርም የለም።