ስለ ሪህ በሽታና ስለ አያያዙ



በአገራችን ልማድ ጉልበትን ቢቆረጥም፣ ወገብን ቢይዝ፣ ትከሻን ቢወጋ፣ ሕመሙ ሁሉ «ሪህ» ይባላል። ሐኪሞች ግን በዚህ ስም የሚጠሩት መነሻው ተለይቶ የታወቀ አንድ በሽታ ነው። ይህን መለየት የቃላት ክርክር አይደለም። ሪህ ያልያዘው ሰው የሪህ መድኃኒት ቢውጥ አይጠቀምም፤ ሪህ የያዘውም ሰው ማስታገሻ ብቻ እየዋጠ ዓመታትን ቢያሳልፍ፣ ሊገታ ይችል በነበረ ሕመም መገጣጠሚያው ይበላሻል።

የበሽታው መነሻ እንደሚከተለው ነው። በሰውነታችንና በምንመገበው ምግብ ውስጥ ፒዩሪን የሚባል ንጥረ ነገር አለ። ይህ ሲፈራርስ ዩሪክ አሲድ ይሆናል፤ ከዚህም ሁለት ሦስተኛ ያህሉን ኩላሊት በሽንት፣ የቀረውን አንጀት ያስወግደዋል። ኩላሊት በሚገባ ማስወገድ ሲያቅተው ወይም ምርቱ ሲበዛ፣ ዩሪክ አሲድ በደም ውስጥ ይጠራቀማል። መጠኑም በ100 ሚሊ ሊትር ደም ከ6.8 ሚሊ ግራም ሲያልፍ፣ ጨው የበዛበት ውሃ ጨውን ከታች እንደሚያዘቅጥ ሁሉ፣ እንደ መርፌ የሾሉ ደቃቅ ጠጠሮች ሆኖ በመገጣጠሚያ ውስጥ ይሰፍራል። በሪህ ሕሙማን ደም ውስጥ ዩሪክ አሲድ በዝቶ መገኘቱን እንግሊዛዊው ሐኪም አልፍሬድ ጋሮድ በ1848 እ.ኤ.አ. አሳይቷል። ይሁን እንጂ ዩሪክ አሲድ የበዛበት ሰው ሁሉ በሪህ ይታመማል ማለት አይደለም።

ሕመሙ ብዙ ጊዜ የሚነሣው በሌሊት ሲሆን፣ አዘውትሮ የሚጀምረውም በእግር አውራ ጣት ሥር ነው። ስፍራው ያብጣል፣ ይቀላል፣ ይግላል፤ የአንሶላ ክብደት እንኳ አያስችልም። ሥቃዩ በአንድ ቀን ውስጥ ከፍ ብሎ፣ ባይታከምም በአንድ ወይም በሁለት ሳምንት ውስጥ ይለቃል። የበሽታው ማታለያ ይህ ነው፤ በሽተኛው ዳንሁ ብሎ ወደ ሥራው ሲመለስ፣ ጠጠሩ ግን ከስፍራው አልወጣም። ያለ ሕክምና ዓመታት ሲያልፉ ከቆዳ ሥር እባጭ ይፈጠራል፣ አጥንት ይቦረቦራል፣ በኩላሊትም ጠጠር ሊሠራ ይችላል።

ሐኪሙ ሕመሙን በእርግጥ የሚለየው ካበጠው መገጣጠሚያ ጥቂት ፈሳሽ ቀድቶ በማይክሮስኮፕ በመመርመር ነው። የደም ምርመራ ብቻውን አይበቃም፤ ሕመሙ በተነሣበት ሰዓት የዩሪክ አሲድ መጠን ትክክለኛ መስሎ ሊታይ ይችላልና። ካበጠው መገጣጠሚያ ጋር ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ቢኖር፣ ተሕዋስያን ገብተው ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ወደ ሐኪም ቤት መሄድ ይገባል።

ሕመሙ ሲነሣ እግርን ከፍ አድርጎ ማሳረፍና በረዶ በጨርቅ ጠቅልሎ ማኖር ይረዳል። ሐኪሙም እንደ በሽተኛው ሁኔታ ከኢቡፕሮፌን ወገን የሆነ ማስታገሻ፣ ወይም ኮልቺሲን፣ ወይም ፕሬድኒሶሎን ያዝዛል፤ ቶሎ ሲጀመርም ይበልጥ ይሠራል። የኩላሊት፣ የልብ ወይም የጨጓራ ቁስል ሕመም ያለበት ሰው ኢቡፕሮፌንንና መሰሎቹን ሐኪም ሳያማክር መውሰድ የለበትም። ኮልቺሲንም ከታዘዘው መጠን ካለፈ መርዝ ነው።

እነዚህ መድኃኒቶች እሳቱን ያጠፋሉ እንጂ ማገዶውን አያነሡም። ማገዶውን የሚያነሣው አሎፑሪኖል ነው። ይህን መድኃኒት ለማስገኘት የደከሙት ጆርጅ ሂቺንግስና ገርትሩድ ኤልየን፣ በመድኃኒት ግኝት ሥራቸው በ1988 እ.ኤ.አ. ከጄምስ ብላክ ጋር የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል። አሎፑሪኖል የሚታዘዘው በተለይ ሕመሙ በዓመት ሁለት ጊዜና ከዚያ በላይ ለሚነሣበት፣ እባጭ ለወጣበት ወይም መገጣጠሚያው መጎዳት ለጀመረ ሰው ነው። በቀን ከ100 ሚሊ ግራም በማይበልጥ መጠን ተጀምሮ፣ ዩሪክ አሲዱ ከ6 ሚሊ ግራም በታች እስኪወርድ ቀስ በቀስ ይጨመራል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። በመጀመሪያዎቹ ወራት የቆየው ጠጠር መሟሟት ሲጀምር ሕመሙ ሊደጋገም ይችላል። ሕመምተኛውም መድኃኒቱ አልሠራልኝም ብሎ ይተወዋል፤ ሌላውም ሥቃዩ ሲጠፋ ድኛለሁ ብሎ ይተወዋል። ሁለቱም ወደ ነበሩበት ይመለሳሉ። ለዚህ ጊዜ ሐኪሙ ከሦስት እስከ ስድስት ወር የሚወሰድ ጥቂት ኮልቺሲን ይጨምራል፤ አሎፑሪኖል ግን ሕመሙ ቢነሣም አይቋረጥም። የሚቋረጠው በቆዳ ላይ ሽፍታ የወጣ እንደ ሆነ ነው፤ ያን ጊዜ መድኃኒቱን አቁሞ ሳይውሉ ሳያድሩ ለሐኪም ማሳየት ያስፈልጋል።

ስለ ምግብም እንናገር። ደመወዝ በተከፈለ ሰሞን ከሥራ ባልደረቦች ጋር ቁርጥና ክትፎ፣ ዱለትና ጉበት በቢራ ማወራረድ ለሪህ ሕመምተኛ የሚስማማ ድግስ አይደለም። ከመጠጦች ሁሉ ቢራ ይከፋል፤ አረቄም ጉዳት አለው፤ ስኳር የበዛበት ለስላሳ መጠጥም ዩሪክ አሲድን ይጨምራል። ምስርና ሽሮ ግን ፒዩሪን ቢኖርባቸውም ሪህን እንደማያባብሱ በጥናት ስለ ታወቀ፣ ጾመኛው ሊሰጋ አይገባውም። ወተትና እርጎ ይጠቅማሉ፤ ልብና ኩላሊቱ ደህና የሆነ ሰውም ውሃ በብዛት ይጠጣ። ቀኑን በወንበር ላይ የሚውል የቢሮ ሰው በእግሩ ቢመላለስና ክብደቱን ቢቀንስ መልካም ነው፤ ነገር ግን ቀስ በቀስ ይሁን፤ በድንገት ራስን ማስራብ ሕመሙን ይቀሰቅሳልና። ለደም ግፊት የሚታዘዝ ሃይድሮክሎሮታያዛይድ የተባለው የሚያሸና መድኃኒትም ዩሪክ አሲድን ከፍ ስለሚያደርግ፣ ይህን የሚወስድ ሰው በራሱ ሥልጣን ሳይተወው ሐኪሙን ይጠይቅ።

ምግብን መጠንቀቅ ብቻውን ዩሪክ አሲድን የሚቀንሰው በጥቂቱ ነው። ስለዚህ ሪህ የያዘው ሰው የምግቡን ነገር እንደ ረዳት፣ የታዘዘለትን መድኃኒት እንደ ዋና ሥራ ይቁጠረው። «ሳይቃጠል በቅጠል» እንደሚባለው፣ ዛሬ በአንድ ኪኒን ሊገታ የሚችለው ነገ አጥንት ከተቦረቦረ በኋላ አይመለስምና፣ የደማችሁን መጠን እያስመረመራችሁ መድኃኒታችሁን እንድትከታተሉ አደራ እንላለን።