ለቆላ ጓሮ የሚሆን አረንጓዴ አፕል

በሱዳኗ ገዳሪፍ ሱቅ ውስጥ የሚገኘው ኮምጣጣው አረንጓዴ አፕል ባሕር ተሻግሮ የመጣ ነው። ፍሬውን በልቶ ዘሩን በቆርቆሮ አፈር ውስጥ የሚቀብር ሰው ግን አይጠፋም። ሆሽ በሚባለው ግቢ ውስጥ ኒምና ሎሚ ካደጉ፣ ዚር በሚባለው የውሃ እንስራ ሥር ባለው እርጥብ መሬት ላይ ናና ከበቀለ፣ አፕልን ምን ይከለክለዋል? ውሃ ወይም አፈር ብቻ ቢሆን መላ ይገኝለት ነበር። ዋናው እንቅፋት የጥር ሌሊት ነው።

አፕል ብርድ ሲገባ ቅጠሉን አራግፎ የሚተኛ ዛፍ ነው። የሚነቃውም በቂ የብርድ ሰዓት ሲያልፍበት ነው። ግራኒ ስሚዝ የሚባለው አረንጓዴ ዝርያ ከ7 ዲግሪ በታች የሆነ ከ400 እስከ 600 ሰዓት ያህል ያስፈልገዋል። ገዳሪፍ ያለችው ከባሕር ወለል በላይ 600 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ በሚያዝያና በግንቦት ቀትር ሙቀቷ 40 ዲግሪ ይደርሳል፣ በጥር ሌሊት እንኳ አብዛኛውን ጊዜ ከ15 አይወርድም። ችግኙ ቢጸድቅም እንቅልፍ ሳያገኝ ይኖራል። ቅርንጫፉ ራቁቱን ይረዝምና ጫፉ ላይ ብቻ ቅጠል ይቋጥራል፣ አበባውም አንድ እዚህ አንድ እዚያ ሆኖ ይቀራል። በዚያ ላይ መረሬው አፈር አለ፤ በበጋ ይሰነጠቃል፣ በክረምት ውሃ ያቁራል። ማሽላ ለምዶታል፤ የአፕል ሥር ግን ይበሰብስበታል።

ዘሩን መቅበርም ሌላ ጣጣ አለው። ግራኒ ስሚዝ የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1868 ሲድኒ አጠገብ፣ ኢስትውድ በምትባል መንደር፣ ማሪያ አን ስሚዝ በተባሉ አሮጊት ይዞታ ላይ ነው። ሳይታሰብ የበቀለ ችግኝ ነበር። ሴትዮዋ በ1870 ሲያርፉ ፍሬው በስማቸው ዓለምን እንደሚዞር አላወቁም። ዛሬ ያለው ግራኒ ስሚዝ ሁሉ ከዚያ አንድ ዛፍ ቅርንጫፍ እየተቆረጠ፣ እየተዳቀለ የመጣ ነው። ከዘር የሚበቅለው ግን እናቱን አይመስልም።

አፕል የፈለገ ሽቅብ መውጣት አለበት። ከገዳሪፍ በገላባትና በመተማ ዮሐንስ አልፎ፣ ጎንደርን ተሻግሮ ደባርቅ የሚደርስ መንገደኛ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ይወጣል፤ በየ100 ሜትሩ ከግማሽ ዲግሪ በላይ ብርድ ይጨመርለታል። በኢትዮጵያ የአፕል ስም ከተነሳ ግን ቀድማ የምትጠቀሰው ከአርባ ምንጭ በላይ ያለችው ጨንቻ ናት። ሚስዮናውያን እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ዛፉን ወደዚያ አመጡት፤ ኋላ ገበሬው ከፍሬው ይልቅ የተዳቀለ ችግኝ በመሸጥ የተሻለ ገንዘብ እስከማግኘት ደረሰ። ትንሽ ብርድ የሚበቃቸው አናና ዶርሴት ጎልደን የሚባሉ ዝርያዎችም አሉ፤ ለገዳሪፍ ግን እነሱም አይሆኑም።

ታዲያ ቆላው ባዶ እጁን አልቀረም። ሱዳኖች ነበቅ፣ የጎንደር ሰው ቁርቁራ የሚለው እሾሃም ዛፍ በድንበሩ ግራና ቀኝ ያለ ጠያቂ ይበቅላል። የዱሩ ፍሬ አብዛኛው ክፍሉ ድንጋይ መሳይ ዘሩ ነው፤ ልጆች ሥጋውን ግጠው ይተፉታል። የሕንዱ ዘመዱ ግን በምርጫና በማዳቀል ሌላ ሆኗል፦ ትልቅ፣ አረንጓዴ፣ ሲነክሱት ቀጭ የሚል፣ ከጣፋጭነቱ ጋር የሚኮመጥጥ። በቫይታሚን ሲ አፕልን ያስከነዳል። ኢክሪሳት የተባለው የምርምር ተቋም ኒጀር ውስጥ እነ ጎላን የመሳሰሉ የሕንድ ዝርያዎችን በአገሩ የቁርቁራ ግንድ ላይ አዳቅሎ «የሳህል አፕል» በሚል ስም አሰራጭቷል። የኒጀር ሙቀት ከገዳሪፍ ሙቀት ብዙም አይለይም።

የማዳቀሉ አሠራር ቢላዋና ትዕግሥት ይጠይቃል። የዱሩ ግንድ በጉልበት ከፍታ ላይ ተቆርጦ አዲስ ቅርንጫፍ እንዲያወጣ ይደረጋል። ቅርንጫፉ እርሳስ ሲያክል ልጡ እንደ «ቲ» ፊደል ይሰነጠቅና በቢላዋው ጫፍ ፈልቀቅ ይደረጋል፤ ከጥሩው ዝርያ ከነልጡ የተላጠችው ዓይን በስንጥቁ ውስጥ ትንሸራተታለች። ከዚያ በላስቲክ ይታሰራል፣ ዓይኗ ብቻ ውጭ ትቀራለች። ከሁለት ሦስት ሳምንት በኋላ አረንጓዴ ከሆነች ይዛለች፤ ያን ጊዜ ከበላይዋ ያለው ይቆረጣል። ከሥር የሚወጣውን የዱር ቡቃያ በየጊዜው አለመልቀም የብዙዎች ስንፍና ነው፤ ዛፉ ወደ ዱርነቱ የሚመለሰው በዚያ በኩል ነው።

የያዘው ዛፍ በአንድ ሁለት ዓመት ውስጥ ማፍራት ይጀምራል። ፍሬ የሚይዘው በአዲስ ቅርንጫፍ ላይ ስለሆነ በየዓመቱ ከመልቀም በኋላ በበጋው ሙቀት በደንብ ይገረዛል። ኮምጣጣውን የሚወድ ሰው አረንጓዴነቱ ወደ ቢጫ ሊያዘነብል ሲል ይልቀም፤ ቡናማ ሲሆን ይለሰልሳል፣ ይጣፍጣልም። ጠላቶቹ ሁለት ናቸው፦ ፍሬው ውስጥ እንቁላሏን የምትጥል ዝንብና ቅጠሉን አጥብቃ የምትወድ ፍየል። ለዝንቧ የወደቀውን ፍሬ እየለቀሙ መቅበር ነው፤ ለፍየሏ ደግሞ ከዛፉ ራሱ የተገረዘው እሾህ ጥሩ አጥር ይወጣዋል።