ካርቶን ውስጥ ያለው ኮምፒውተር

እንጅባራ የምሠራበት ድርጅት መዝገብ 64 ኮምፒውተር ይላል። ዳንግላ ቅርንጫፍ ወርጄ ጠረጴዛ ለጠረጴዛ ስቆጥር ግን አንዱ ራሙ ተቀንሶ፣ ሁለቱ ካርቶን ውስጥ ተገኙ።

ስለዚህ ኮምፒውተር ቆጣሪ ሶፍትዌር ስንመርጥ በዋጋ አልተከራከርንም፤ ጂኤልፒአይም ኦሲኤስ ኢንቬንቶሪም በነጻ የሚገኙ፣ ኮዳቸው ክፍት የሆነ ናቸው። ክርክሩ ማን ማንን ይጠይቅ የሚል ነበር። አንዱ ዘዴ ከሰርቨር ተነሥቶ ኔትወርኩን በር በር እያንኳኳ ይዞራል። መብራት ከሄደ የሚከፍትለት የለም፤ ማሽኑ ሳይቆጠር ያልፋል። መብራቱ ደግሞ መሄድ ይወዳል! ሌላው በየኮምፒውተሩ ትንሽ ፕሮግራም ያስቀምጣል፤ ማሽኑ ሲበራ ሴሪያል ቁጥሩን፣ ራሙን፣ ዲስኩን፣ የተጫነበትን ሁሉ ራሱ ይልካል። እኔ በዚህኛው ጸናሁ። ጂኤልፒአይ በፈረንጆች 2022 ከወጣው 10ኛ ዕትሙ ወዲህ ማሽኖቹ የሚልኩትን ያለ ተጨማሪ ፕለጊን ይቀበላል።

ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ሲያቆም፣ የትኞቹ ማሽኖች ወደ 11 እንደማያልፉ ለማየት ዝርዝሩን ማጣራት ብቻ በቃኝ።

የንብረት ክፍሉ ጋሼ ዝርዝሩን በመነጽራቸው አናት አዩት።

«ካርቶን ውስጥ ያሉትስ ልጄ፣ ማን ይልክልሃል?»

እነሱን በእስክሪብቶ ጻፍኳቸው።